አስር ማናጀር ያፈራረቀ ፕሮጀክት፦ የኤፍቢአይ «ቨርቹዋል ኬዝ ፋይል» ጉዳይ

ስለ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ውድቀት ስናወራ መጀመሪያ የምናነሳው ኮዱን ነው፣ ቀጥሎ ብሩን፣ ከዛ ኮንትራክተሩን፣ ሰዎቹ ጋ የምንደርሰው ከደረስን መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ዛሬ ከሰዎቹ ልጀምር። የአሜሪካ የፌደራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ትሪሎጂ የሚባል በጣም ትልቅ የአይቲ ፕሮጀክት ነበረው፣ ቨርቹዋል ኬዝ ፋይል የዚህ ፕሮጀክት የሶፍትዌር ክፍል ነው። የሀገሪቱ ፍትህ ሚኒስቴር ኢንስፔክተር ጄኔራል በፌብሩዋሪ 2005 ባወጣው ሪፖርት ላይ እንደቆጠረው በዚህ ፕሮጀክት ላይ 15 ቁልፍ የአይቲ ሃላፊዎች ተፈራርቀዋል። አምስቱ ሲአይኦ ወይም ተጠባባቂ ሲአይኦ ነበሩ፣ የመስሪያ ቤቱ አይቲ የበላይ ሃላፊ ማለት ነው፣ አስሩ ደግሞ የፕሮጀክቱን የተለያዩ ክፍሎች በፕሮጀክት ማናጀርነት የያዙ ሰዎች ናቸው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አስር ፕሮጀክት ማናጀር! በዚህ ሙያ ላይ ያለ ሰው ይሄን ቁጥር ሲያነብ ሆዱ መጨነቁ አይቀርም። እያንዳንዱ ርክክብ ላይ ምን እንደሚጠፋ ያውቀዋላ።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ግልጽ ላድርግ፣ አስሩም በጭንቀት ታመው ለቀቁ እያልኩ አይደለም። ሰው በዝውውርም፣ በጊዜያዊነት ተቀምጦም፣ በጡረታም ሊሄድ ይችላል። የኔ ነጥብ ወንበሩ ላይ ነው። ማንም ቢቀመጥበት የማይቆይበት ወንበር ነበር፣ ለምን እንደዛ እንደሆነ ደግሞ ከሪፖርቶቹና ከኮንግረስ ምስክርነቶቹ ላይ እየለቀሙ ማየት ይቻላል፣ እዚህ ጽሁፍ ላይ የማደርገውም እሱን ነው።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ። በ2000 ላይ ኤፍቢአይ በኮምፒውተር በኩል ያለበት ሁኔታ ለማመን ይከብዳል። ከ13,000 በላይ ኮምፒውተሮቹ ከአራት እስከ ስምንት ዓመት ያገለገሉ ነበሩ፣ በየከተማው ያሉትን 56 ቅርንጫፍ ቢሮዎች የሚያገናኘው ኔትወርክ አብዛኛው ቦታ ላይ በቤት ስልክ ዳያል አፕ ከምናስታውሰው ፍጥነት ብዙም የማይሻል ነበር። የምርመራ መዝገብ የሚያዝበት ሲስተም በ1995 ስራ የጀመረ ሲሆን ኤሲኤስ ይባላል፣ ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ጽሁፍ፣ ማውዝ የለ ምን የለ፣ አንድ ሰነድ ለማስገባት ብቻ ብዙ ስክሪን እየቀያየሩ ፋንክሽን ኪ መጫን ነው። ኤጀንቶቹ ስለሚጠሉት ወረቀታቸውን ይዘው ነበር የሚሰሩት። ደህንነቱም ላላ ያለ ነበር፣ ለሩሲያ ሲሰልል ኖሮ ፌብሩዋሪ 2001 ላይ የተያዘው የቢሮው ኤጀንት ሮበርት ሃንሰን «እየተመረመርኩ ይሆን?» ብሎ የራሱን ስም በዚሁ ሲስተም ውስጥ ይፈልግ ነበር።

ይሄን ለማስተካከል ቦብ ዳይስ የሚባል ከአይቢኤም የመጣ ሰው በ2000 ተቀጠረና እቅድ አወጣ፣ ኮንግረስ 379.8 ሚሊየን ዶላር ለሶስት ዓመት ፈቀደ። ትሪሎጂ የተባለው ሶስት ነገር ስለያዘ ነው፦ ኮምፒውተሮቹ፣ ኔትወርኩ፣ እና ሶፍትዌሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዳይንኮርፕ የሚባል ድርጅት ሜይ 2001 ላይ ወሰደ፣ ሶፍትዌሩን ኤስኤአይሲ ጁን 2001 ላይ። ሶፍትዌሩ በጁን 2004 እንዲያልቅ ነበር የታሰበው። የመጀመሪያው ሃሳብ በጣም ልከኛ ነበር፣ ያሉትን የቆዩ ሲስተሞች ሳይነኩ ላያቸው ላይ በብራውዘር የሚከፈት ቀለል ያለ ገጽ መስራት፣ በቃ።

ከዛ ሴፕቴምበር 11 መጣ። ሮበርት ሙለር ዳይሬክተር ሆኖ ስራ የጀመረው ሴፕቴምበር 4፣ 2001 ነው፣ ልክ በሳምንቱ ነው ጥቃቱ የደረሰው። በዛን ሰሞን የጠላፊዎቹን ፎቶ በኢሜይል ወደ ቅርንጫፍ ቢሮ መላክ አልተቻለም፣ በፈጣን ፖስታ ነው የተላከው። ሶስት ሺህ የሚጠጋ ሰው ከሞተ በኋላ እንደዚህ አይነት ነገር ሲሰማ «ቶሎ አስተካክሉ» የሚለውን ግፊት ማን ይቋቋመዋል? ኮንግረስ እንዲፋጠን ብሎ 78 ሚሊየን ጨመረ፣ በዲሴምበር 2001 ደግሞ ያ ልከኛው ሃሳብ ተተወና «ቨርቹዋል ኬዝ ፋይል» የሚባል ሙሉ በሙሉ አዲስ ሲስተም ይሰራ ተባለ፣ አሮጌውን ኤሲኤስ ከነጭራሹ የሚተካ። የማለቂያ ቀኑ ደግሞ ከጁን 2004 ወደ ዲሴምበር 2003 ቀረበ።

እዚህ ጋ ቆም ብዬ ማየት የምፈልገው ነገር አለ። ስራው በብዙ እጥፍ አደገ፣ ቀኑ አጠረ፣ ይሄ ሁለቱ ባንዴ ነው የተደረገው። ይሄን ውሳኔ የወሰኑት ሰዎች በሴፕቴምበር 11 ማግስት የሀገር ሃላፊነት ያለባቸው ሰዎች ናቸው፣ ክፋት አልነበረባቸውም፣ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን ቶሎ እንዲሆን እፈልግ ነበር። ግን ፍላጎቱ የወደቀው ጠረጴዛው ላይ ለተቀመጠ አንድ ሰው ነው፣ ለፕሮጀክት ማናጀሩ። ያ ሰው ቀኑን አልመረጠውም፣ የስራውን ስፋት አልመረጠውም፣ ሁለቱ አብረው እንደማይሄዱ ግን የመጀመሪያው የሚያውቀው እሱ ነው፣ ማታ ማታ እንቅልፍ የሚያጣውም እሱ ነው።

ሮበርት ካራሴክ የሚባል ምሁር በ1979 ያወጣው ስራ ላይ ይሄን ነገር በደንብ አስቀምጦታል። ሰውን ለጭንቀት የሚዳርገው የስራ ብዛት ለብቻው አይደለም፣ ከፍተኛ የስራ ጫና በስራው ላይ የመወሰን ነጻነት ከማጣት ጋር ሲገናኝ ነው። ብዙ ስራ ያለበትም ብዙ መወሰን የሚችልም ሰው ይደክመዋል ግን ይማርበታል፣ ያድግበታል። ብዙ ስራ ተጭኖበት ምንም መወሰን የማይችል ሰው ነው የሚሰበረው። አሁን የትሪሎጂን ወንበር በዚህ እንየው።

ለምሳሌ በጀት። ያኔ ኤፍቢአይ ውስጥ የአይቲ ገንዘብ አንድ ቦታ አልነበረም፣ ክፍሎቹ ለየራሳቸው የአይቲ በጀት ነበራቸው፣ የራሳቸውን ሲስተም ይገዙ ይሰሩ ነበር፣ ሲአይኦ የሚባለውም እንኳን ሁሉንም የሚያዝበት ስልጣን አልነበረውም። ፕሮጀክት ማናጀሩ እንግዲህ ከሱ በታች ነው ያለው። ኮንትራቱ ደግሞ ወጪ ተሰልቶ የሚከፈልበት፣ በላዩ ላይ ሽልማት የሚጨመርበት አይነት ነበር፣ በየደረጃው «ይሄን ካላስረከብክ ይሄ ይቀጣሃል» የሚል ቁርጥ ያለ ነገር አልነበረውም፣ ውሉም በቀጥታ በኤፍቢአይ ስር ሳይሆን በሌላ የመንግስት መስሪያ ቤት በኩል ነበር የሚተዳደረው። ዳይንኮርፕ ለብቻው፣ ኤስኤአይሲ ለብቻው፣ ሁለቱን አንድ ላይ አስተሳስሮ የሚመራ አንድ ባለቤት አልነበረም። ሶፍትዌሩ አዲሶቹ ኮምፒውተሮችና ኔትወርክ ላይ ነው የሚሰራው፣ እነሱ ከዘገዩ ሶፍትዌሩ የሚጫንበት የለውም፣ ያንን የሚያስተባብር ሰው ግን ማንንም ማዘዝ አይችልም፣ መለመን ነው ያለው። በዚህ ላይ መስሪያ ቤቱ ኢንተርፕራይዝ አርኪቴክቸር የሚባለው፣ ምን ሲስተም እንዳለው፣ የቱ ከየቱ እንደሚገናኝ፣ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ የሚያሳይ ጠቅላላ ንድፍ አልነበረውም፣ ኢንስፔክተር ጄኔራሉም ሌሎቹ ገምጋሚዎችም ደጋግመው የጻፉት ነገር ነው። ንድፍ በሌለበት ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ክርክር ከባዶ ነው የሚጀምረው፣ የቱ ትክክል እንደሆነ የሚታይበት ወረቀት የለማ።

ከዛ ሪኳየርመንቱ። በ2002 መጀመሪያ ላይ ኤጀንቶችና የኤስኤአይሲ ኢንጂነሮች ለስድስት ወር ያህል እየተሰበሰቡ ሲስተሙ ምን እንዲሰራ እንደሚፈለግ ተነጋገሩ፣ ከዛ የወጣው ሰነድ ከ800 ገጽ በላይ ነበር። ብዙ ገጽ መሆኑ አይደለም ችግሩ፣ ሰነዱ ሲስተሙ ምን መስራት እንዳለበት መናገር ሲገባው ቁልፉ የት ጋ ይሁን፣ ገጹ ምን ይምሰል የሚለው ውስጥ ገብቶ ነበር፣ እንደዛ አይነት ሰነድ በተነካ ቁጥር ይፈርሳል። እና ተነካ። የኤስኤአይሲ ሃላፊ በ2005 ለሴኔት ሲመሰክር በቀን በአማካይ 1.3 የለውጥ ጥያቄ፣ በድምሩ 399 ለውጥ ይመጣባቸው እንደነበር ተናግሯል፣ የደንበኛውንም አሰራር «ሳየው አውቀዋለሁ» አይነት ነበር ብሎ ነው የገለጸው። በዛው ምስክርነት በመንግስት በኩል 19 የማናጅመንት ሰዎች ተቀያይረውብናል ብሏል። ይሄ ድርጅት ራሱን ለመከላከል የቆመ ስለሆነ ቃሉን በሙሉ አልወስድም፣ የራሱም ጥፋት እንዳለበት ቀጥሎ እናያለን፣ ግን ሰው መቀያየሩን በተመለከተ ኢንስፔክተር ጄኔራሉም በራሱ መንገድ ቆጥሮ ተመሳሳይ ነገር ላይ ነው የደረሰው።

አሁን እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ አስቀምጡልኝ፣ በቀን 1.3 ለውጥ፣ አስር ማናጀር። ለውጥ ሲጠየቅ ማናጀሩ ሶስት ነገር ማወቅ አለበት፣ መጀመሪያ ለምን እንደዛ እንደተወሰነ፣ ማን እንደወሰነው፣ እና ለውጡ ሌላ ምን እንደሚነካ። እነዚህ ሶስቱ ሰነድ ላይ ብዙ ጊዜ አይገኙም፣ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያሉት። ማናጀሩ ሲሄድ አብረው ይሄዳሉ። አዲሱ ሲመጣ «እምቢ» ለማለት የሚያስችለው ታሪክ የለውም፣ ስለዚህ ወይ ሁሉንም እሺ ይላል ወይ ሁሉንም ያቆማል፣ ሁለቱም ያስጠሉታል። እሺ ባለ ቁጥር ስራው ይሰፋል፣ ስራው ሲሰፋ ቀኑ ይገፋል፣ ቀኑ ሲገፋ ከላይ ይጠየቃል፣ ተጠይቆ ሲመልስ ደግሞ እሱ ያልሰጠውን ቃል ነው የሚከላከለው። በሌላ ሰው ቃል መጠየቅን የመሰለ አድካሚ ነገር የለም። እንደዛ ሆኖ ስንት ወር ይቀመጣል? ሲሄድ ደግሞ ቀጣዩ ከሱ በባሰ ሁኔታ ይጀምራል። ሰው መልቀቁ ጭንቀት ይወልዳል፣ ጭንቀቱ ሰው ያስለቅቃል፣ ክቡ ራሱን እያዞረ ነው የሚሄደው።

እኛ ሀገር መስሪያ ቤት ሲለቀቅ ክሊራንስ የሚባል ነገር አለ፣ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ከንብረት ክፍል ፊርማ፣ ከፋይናንስ ፊርማ፣ ከላይብረሪ ሳይቀር ፊርማ፣ ላፕቶፑና ባጁ ካልተመለሰ የስራ ልምድ ወረቀት አይሰጥም። እዛ ቅጽ ላይ «የወሰንካቸውን ውሳኔዎችና ምክንያታቸውን አስረክብ» የሚል መስመር አይቼ አላውቅም። ባንክ ውስጥ ኮር ባንኪንግ፣ ማለትም የባንኩን ዋና ሲስተም፣ የሚያስቀይር ማናጀር ከመሃል ሲለቅ ወንበሩ ይፈረማል እንጂ ምክንያቱ አይፈረምም፣ የመጣው ሰው ሶስት ወር ሙሉ «ይሄን ማነው የወሰነው?» እያለ ይዞራል። ኤፍቢአይ ላይ የሆነው ከዚህ የተለየ አይደለም፣ መጠኑ ብቻ ነው የሚለየው።

የላይኞቹን ቅብብል ደግሞ ተመልከቱት። ዳይስ ፕሮጀክቱን የጀመረው ሰው ነው፣ በሜይ 2002 ሄደ፣ ስራው ገና አንድ ዓመት እንኳን በደንብ አልሞላውም። ማርክ ታነር በተጠባባቂነት ጥቂት ወር ያዘ። ጁላይ 2002 ላይ ዳርዊን ጆን መጣ፣ ዓመት ሳይሞላው በሜይ 2003 ወጣ። ዊልሰን ላወሪ በተጠባባቂነት ቀጠለ። በ2003 መጨረሻ ላይ ዛልማይ አዝሚ መጀመሪያ በተጠባባቂነት ገባና በ2004 ተሾመ። በዚህ መሃል ኮንግረስ ዲሴምበር 2002 ላይ ሌላ 123.2 ሚሊየን ጨምሮ የትሪሎጂ ጠቅላላ ወጪ 581 ሚሊየን ደረሰ። ማለትም 379.8 ሚሊየን የጠየቀው ሰው፣ ለ581 ሚሊየኑ የተጠየቀው ሰው፣ እና ሶፍትዌሩን የተረከበው ሰው ሶስቱም የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ከስር ያለው ፕሮጀክት ማናጀር ደግሞ አለቃው በተቀየረ ቁጥር ፕሮጀክቱን ከሀ ጀምሮ ያስረዳል፣ አዲሱ አለቃ ሌላ ቅድሚያ ይዞ ይመጣል፣ ትናንት «ጎበዝ» የተባለበት ነገር ዛሬ ጥፋት ይሆናል። «ተጠባባቂ» የሚለው ቃል ራሱ ከላይ ካለ ከስር ያለው ሰው ከባድ ውሳኔ አያገኝም፣ ተጠባባቂ ሰው የሚቀጥለው እስኪመጣ ነው የሚጠብቀው።

የኮምፒውተርና የኔትወርኩ ክፍል ላይ የሆነው ለኔ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነው ነው፣ ምክንያቱም እሱ በስተመጨረሻ ተሳክቷል። መጀመሪያ ሜይ 2004 እንዲያልቅ ታቅዶ ነበር፣ ከጥቃቱ በኋላ ወደ ጁላይ 2002 ተሳበ፣ ለዛም ነው 78 ሚሊየኑ የተሰጠው። ያለቀው መቼ ነው? ኤፕሪል 2004። ከተፋጠነው ቀን ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ዘግይቶ፣ ከመጀመሪያው እቅድ ግን አንድ ወር ገደማ ቀድሞ። ልብ በሉ፣ በመጀመሪያው እቅድ ቢሄዱ ኖሮ ይሄ ስራ በጊዜው ያለቀ ስራ ይባል ነበር፣ ከ30,000 በላይ ኮምፒውተር በየቢሮው ተተክሎ፣ ኔትወርኩ ተዘርግቶ፣ ሰዎቹ ተመስግነው። በተፋጠነው ቀን ስለተለኩ ግን በዛ ሁሉ ጊዜ በየስብሰባው «ዘገያችሁ» እየተባሉ ነው የሰሩት። ስራው ያው ስራ ነው፣ የወሰደው ጊዜም ያው ነው፣ የተጨመረው ጭንቀቱ ነው፣ እና 78 ሚሊየን ዶላር። ማንም የማይደርስበት ቀን መስጠት ስራ ያፋጥናል ብሎ የሚያስብ አለቃ ካለ ይሄን አንድ ምሳሌ ደጋግሞ ቢያነበው እመኛለሁ።

ሶፍትዌሩ ጋ እንመለስ። ዲሴምበር 2003ን ለመድረስ ኤስኤአይሲ በተራ በተራ ሊሰራ የነበረውን ስራ ለስምንት ቲም ከፋፍሎ ጎን ለጎን እንዲሄድ አደረገ፣ ስምንት ቲም ጎን ለጎን ሲሰራ ደግሞ የማገናኘቱ ስራ በጣም ይከብዳል። ከዛ በላይ የሚያስፈራው የመቀየሪያው እቅድ ነው፣ ኤጀንቱ ዓርብ ማታ አሮጌውን ሲስተም ዘግቶ ሰኞ ጠዋት አዲሱን ከፍቶ ስራ ይጀምራል፣ ወደ ኋላ መመለሻ የለም። የሀገሪቱ የሳይንስ አካዳሚዎች የምርምር ምክር ቤት በሜይ 2004 ባወጣው ግምገማ እንደዚህ አይነት አሰራር የመስሪያ ቤቱን ዋና ስራ የሚያስተጓጉል ውድቀት ማምጣቱ አይቀሬ ነው ብሎ ነው የጻፈው። እስቲ የዛ እቅድ ባለቤት ሁናችሁ አስቡት፣ ሰኞ ጠዋት ካልሰራ የሽብር ምርመራ ነው የሚቆመው። ይሄ ተራ የዴድላይን ጭንቀት አይደለም።

ዲሴምበር 2003 ደረሰ፣ ኤስኤአይሲ ሶፍትዌሩን አስረከበ፣ ኤፍቢአይ ወዲያው 17 ጉድለት አገኘ፣ ሲፈተሽ 59 ሆነ። ድርጅቱ «አስተካክለዋለሁ ግን አንድ ዓመትና ከ50 ሚሊየን በላይ ተጨማሪ ዶላር ያስፈልገኛል» አለ። የማን ጥፋት ነው በሚለው ላይ ክርክር ተነሳ፣ ገለልተኛ ዳኛ ማርች 2004 ላይ ከ59ኙ 19ኙ ኤፍቢአይ ሃሳቡን ስለቀየረ የመጡ ናቸው፣ 40ዎቹ ደግሞ የኤስኤአይሲ ስህተት ናቸው ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ጥፋቱን በሙሉ ለደንበኛው መወርወር አይቻልም፣ ኮዱም ደካማ ነበር፣ በኋላ የገመገመው ነጻ ድርጅትም ይሄንኑ ነው ያረጋገጠው። በ2005 መጀመሪያ ላይ አነስተኛ ሙከራ ተደረገ፣ ከዛ በኤፕሪል 2005 ተዘጋ። 700,000 መስመር ኮድ፣ 170 ሚሊየን ዶላር፣ ከዚህ ውስጥ 104.5 ሚሊየኑ ለምንም የማይሆን ኪሳራ ተብሎ ተመዘገበ። ሙለር ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ሃላፊነቱን ወሰደ።

ኢንስፔክተር ጄኔራል ግሌን ፋይን ለውድቀቱ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች መካከል የአመራር ቀጣይነት አለመኖር አንዱ ነው፣ ከደካማ ሪኳየርመንት፣ ከማይቻል የጊዜ ሰሌዳ እና ከላላ ኮንትራት ጎን ተቀምጧል። እኔ ግን ጎን ለጎን መቀመጡ ትንሽ ያሳስታል ባይ ነኝ። ሪኳየርመንቱ የሚጸናው የሚጠብቀው ሰው ሲቆይ ነው፣ የማይቻለው ቀን «አይቻልም» የሚባለው ለማለት አቅሙና ታሪኩ ያለው ሰው ሲኖር ነው፣ ኮንትራቱን የሚያጠብቀውም ያ ሰው ነው። ሰው የማይጸናበት ቦታ ላይ ሌሎቹ ሶስቱ እንዴት ሊስተካከሉ ይችላሉ?

ስለ በርንአውት ስናወራ ደግሞ ነገሩን ወደ ሰውየው እናዞረዋለን፣ እረፍት ውሰድ፣ ስፖርት ስራ፣ እንቅልፍህን አስተካክል እንለዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በርንአውትን ሲተረጉመው በአግባቡ ካልተያዘ ስር የሰደደ የስራ ቦታ ጭንቀት የሚመጣ ነው ብሎ ከስራ ጋር ብቻ አያይዞ ነው ያስቀመጠው፣ በሽታ ብሎም አልመደበውም። ሶስት ምልክት አለው፣ ጉልበት መሟጠጥ፣ ከስራው በሃሳብ መራቅና ተስፋ መቁረጥ፣ «ምንም ውጤት እያመጣሁ አይደለም» የሚል ስሜት። ሶስተኛውን ከትሪሎጂ ጋር አያይዛችሁ እዩት፣ ሪፖርት ላይ ሁሌ ቀይ፣ ማለትም የዘገየ፣ የሚባል፣ ቀኑ በሌላ ሰው የተወሰነ፣ ለውጡ በየቀኑ የሚመጣበት ሰው እንዴት አድርጎ ውጤታማ ነኝ ብሎ ሊያምን ይችላል። ሩጫ ቢሮጥም ባይሮጥም ሰኞ የሚመለሰው እዛው ወንበር ላይ ነው። የሚታከመው ወንበሩ ነው።

ወንበሩን በተወሰነ ደረጃ ያስተካከሉት በ2004 ነው። ሙለር የአይቲውን በጀትና ስልጣን በሙሉ ሲአይኦው ስር ሰበሰበው፣ አዝሚ ፕሮጀክት ከሃሳብ እስከ መዝጊያ በምን ደረጃ እንደሚያልፍ፣ ማን የቱ ጋ እንደሚያጸድቅ የሚያስቀምጥ መመሪያ አወጣ፣ ፕሮጀክት ማናጀሮች የሙያ ስልጠና እንዲያገኙ ተደረገ። አዝሚ ራሱም እስከ 2008 ቆየ፣ ከሱ በፊት የነበሩት ከቆዩበት ጋር ሲነጻጸር ይሄ በጣም ረጅም ነው።

ያ ብቻውን ግን አልበቃም፣ ይሄንንም መደበቅ አልፈልግም። ተተኪው ሲስተም ሴንቲኔል ይባላል፣ ማርች 2006 ላይ ለሎክሂድ ማርቲን ተሰጠ፣ በ425 ሚሊየን በጀት በአራት ምዕራፍ በዲሴምበር 2009 ሊያልቅ። በ2010 ወደ 451 ሚሊየን ካደገው በጀት 405ቱ ወጥቶ ያለቀው ሁለት ምዕራፍ ብቻ ነበር፣ ጁላይ ላይ ስራው እንዲቆም ተደረገ፣ በዛው መንገድ ለመጨረስ ቢያንስ ሌላ 351 ሚሊየንና ስድስት ዓመት ይፈጃል የሚል ግምትም ነበር። ያኔ የነበረው ሲአይኦ ቻድ ፉልጋም ስራውን ከኮንትራክተሩ ተቀብሎ ኤፍቢአይ ራሱ እንዲመራው አደረገ፣ 220 የነበሩት የኮንትራት ሰራተኞች ወደ 40 ወረዱ፣ አጃይል በሚባለው አሰራር በሁለት ሁለት ሳምንት ስፕሪንት፣ ማለትም አጭር የስራ ዙር፣ መስራት ጀመሩ። አጃይል አስማት ስለሆነ አይደለም የምጠቅሰው፣ ማናጀሩ የያዘው ነገር ስለተቀየረ ነው። በየሁለት ሳምንቱ የሚሰራ ነገር ለተጠቃሚው ያሳያል፣ ለውጥ ሲመጣ ከዝርዝሩ ውስጥ የቱ ይውጣ ብሎ ይደራደራል፣ የሚወስነው ሰው እዛው አጠገቡ ነው። ካራሴክ ያለው የመወሰን ነጻነት ማለት በተግባር ይሄ ነው፣ ስራው አልቀነሰም፣ መሪው እጁ ላይ ገባ።

ይሄ የታየው በደህናው ቀን አይደለም። ሲስተሙ በሴፕቴምበር 2011 ሊለቀቅ ታስቦ ነበር፣ አልደረሰም፣ ኦክቶበር ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተጠቃሚዎች ባንዴ የገቡበት ሙከራ ሲደረግ ሲስተሙ ሁለቴ ቆመ። በ2003 ቢሆን ይሄ የሰው መቀየሪያ ምክንያት ይሆን ነበር ብዬ ነው የማስበው። እነሱ ግን ምክንያቱን ሲፈልጉ ሰርቨሮቹ አርጅተው ጭነቱን አለመቻላቸውን አገኙ፣ ሃርድዌሩ እንዲታደስ ወሰኑ፣ ቀኑን ወደ 2012 ገፉት፣ ስራው እነሱው እጅ ላይ ቀጠለ። ጁላይ 1፣ 2012 ሴንቲኔል ለሁሉም ሰራተኛ ተከፈተ፣ ኤሲኤስም በመጨረሻ ተተካ። ሙሉ አይደለም፣ በ2014 ኢንስፔክተር ጄኔራሉ ተጠቃሚዎችን ጠይቆ የፍለጋውን ክፍል ከሚጠቀሙት ውስጥ የሚፈልጉትን ውጤት ብዙ ጊዜ እናገኛለን ያሉት 42 በመቶው ብቻ እንደሆኑ ጽፏል፣ ያንን የማሻሻል ስራ ቀጠለ።